ሥራ ያጣ ባለሙያ፣ ባለሙያ ያጣ ላብራቶሪ፤ የሕክምና ላብራቶሪ ሙያ በሰሜን ሸዋ

ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በሕክምና ላብራቶሪ ሳይንስ ተመርቀው፣ የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አልፈው፣ ወላጆቻቸው ቤት ተቀምጠው የቅጥር ማስታወቂያ የሚጠብቁ ወጣቶች በሰሜን ሸዋ ዛሬ እንግዳ አይደሉም። በዚያው ዞን፣ ከከተማ ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ ደግሞ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ብቻውን ደም ይቀዳል፣ ስላይድ (ናሙና የሚቀባበት ቀጭን መስታወት) ያዘጋጃል፣ በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ውጤት ይጽፋል፣ መዝገብ ይሞላል፤ እሱ በታመመ ወይም ለሥልጠና በሄደ ዕለት ክፍሉ ይቆለፋል። እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዴት ጎን ለጎን ሊኖሩ እንደቻሉ መረዳት ሙያውን ለመረጠ ወጣት ብቻ ሳይሆን፣ ሕመሙ በትክክል እንዲታወቅለት ለሚፈልግ ለማንኛውም ሰው ይጠቅማል።

በእኔ እምነት የችግሩ ሥር የሙያው ምንነት በትክክል አለመታየቱ ነው። ላብራቶሪ በብዙዎች ዘንድ፣ በጀት በሚመድቡ ኃላፊዎች ዘንድ ጭምር፣ ናሙና ገብቶ ቁጥር የሚወጣበት ክፍል ተደርጎ ይታሰባል። ማሽኑ ካለ ሥራው ይሠራል፤ ባለሙያው ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ እጅ ነው ተብሎ ይገመታል። የሰው ኃይሉም፣ የሥራ ማስኬጃውም፣ ደመወዙም የሚመዘነው በዚሁ ግምት ነው። ሰሜን ሸዋን የሚያውቅ ሰው ግን የግምቱን ስህተት ከመልክዓ ምድሩ ተነሥቶ ሊረዳው ይችላል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ በጣርማበር በኩል ወደ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲናም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ተጓዥ የግማሽ ቀን መንገድ ሳይሞላ 1300 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ ይደርሳል። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ ወረዳዎች የማሾና የጤፍ አዝመራ ሲደርስ ከመንዝ ደጋ ለሥራ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። ወቅቱ ደግሞ ክረምቱ አልፎ የወባ ትንኝ የምትበዛበት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው። በቆላ የተነደፈው ሰው ትኩሳቱ የሚነሣበት ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የወባ ሕመምተኛ ወባ በማይራባበት በመንዝ ደጋ፣ በመሐል ሜዳ ወይም በሞላሌ ጤና ጣቢያ ሊቀርብ ይችላል፤ የሚመረምረው ባለሙያም የወባን ተውሳክ ካየ ወራት ያለፉት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጊዜ የሚፈለገው የሠለጠነ ዓይን ነው። ከጣት የተወሰደው ደም በስላይዱ ላይ በሁለት መልክ ይዘጋጃል። ወፍራሙ ጠብታ ተውሳክ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ፣ ስሱ ቅብ ደግሞ ዓይነቱን ለመለየት ያገለግላል። በጊምሳ ቀለም ተነክሮ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበት በከፍተኛው ሌንስ ይታያል። ተውሳክ የለም ብሎ ለመጻፍ ቢያንስ 100 ዕይታ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ የስላይዱ ክፍል) መቃኘት ይጠበቃል። ለአንዱ ስላይድ ስምንት ደቂቃ ብቻ ቢመደብ 60 ስላይድ ሙሉ ስምንት ሰዓት ይወስዳል፤ ያውም ደም የመቅዳቱ፣ የማቅለሙና የመመዝገቡ ሥራ ሳይጨመር። በወባ ወቅት አንድ ባለሙያ ብቻውን በሚሠራበት ጤና ጣቢያ ይህ ሒሳብ እንደማይሞላ ግልጽ ነው። የማይሞላው ሒሳብ የሚከፈለው ከዕይታው ብዛት ላይ እየተቀነሰ ሲሆን፣ የተቀነሰውን ዕይታ ታካሚውም ሐኪሙም አያዩትም። በውጤት ወረቀቱ ላይ የሚነበበው «አልታየም» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ዓይነቱን መለየትም የወግ ጉዳይ አይደለም። ፋልሲፓረም የተባለው ወባ በፍጥነት ወደ አንጎል ወባና ወደ ሞት ሊያደርስ የሚችል ሲሆን መድኃኒቱ በአርቴሚሲኒን ላይ የተመሠረተ ጥምር ነው። ቫይቫክስ ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚመለስ ከክሎሮኪን ጋር ፕሪማኪን ያስፈልገዋል። ፈጣን መመርመሪያው እያለ ማይክሮስኮፕ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በዓለም በብዛት ሲሠራበት የቆየው ፈጣን መመርመሪያ ፋልሲፓረምን የሚያውቀው ተውሳኩ በሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያመርተው ዘረመል የተሰረዘባቸው ተውሳኮች በኢትዮጵያ መኖራቸው በጥናት ተረጋግጧል፤ እንዲህ ያለውን ተውሳክ መመርመሪያው ሊስተው ይችላል። በጎርጎርዮሳውያኑ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። በዚህ ስፋት በተነሣ በሽታ ላይ የማይክሮስኮፕ ችሎታ እንዲዳከም መፍቀድ አደገኛ ነው።

በደጋውም በኩል ያው የደም ስላይድ ሌላ ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ብርድ በበረታበት፣ ልብስ ማጠብና መቀየር በከበደበት፣ በተለይም ሰዎች ተጨናንቀው በሚኖሩበት መጠለያ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ይነሣል። ደብረ ብርሃን ባለፉት ዓመታት ከመኖሪያቸው የተፈናቀሉ በርካታ ወገኖችን ያስጠለለች ከተማ በመሆኗ ይህ ሥጋት ሩቅ አይደለም። የግርሻ ባክቴሪያ፣ ቦሬሊያ፣ እንደ ቀጭን የተጠማዘዘ ክር ሆኖ በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል ይታያል። የምርመራ ወረቀቱ «ለወባ» ብሎ የላከውን ስላይድ ወባን ብቻ ፈልጎ የሚመልስ ባለሙያ ይህን ክር ሊያልፈው ይችላል። ሙያውን በወጉ የያዘ ግን ያየዋል፣ ይጽፈዋል፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሐኪሙ ሄዶ ይነግረዋል፤ ምክንያቱም ግርሻ ሕክምናው ሲጀመር ሕመምተኛው ለሰዓታት በብርቱ ሊንቀጠቀጥና የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል የቅርብ ክትትል ይፈልጋል። እንዲህ ያለው መልእክት በምንም ማሽን ላይ አይታተምም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ምርመራ ነው። በሰሜን ሸዋ ከተሞች ትኩሳት ወይም የራስ ምታት ይዞት ወደ ክሊኒክ ከሄደ ሰው መካከል «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ዊዳልና ዌል ፌሊክስ ከሚባሉት ምርመራዎች ነው። ዊዳል የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ ፀረ እንግዳ አካል ከዓመታት በፊት ካለፈ ሕመም የቀረ፣ ወይም በሌላ ተዛማጅ ባክቴሪያ የተቀሰቀሰ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የአንድ ጊዜ ዊዳል ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም፤ አስተማማኙ መንገድ ደሙን በባክቴሪያ ማሳደጊያ ውስጥ አቆይቶ ባክቴሪያውን ራሱን ማግኘት ነው፤ ለዚህ የሚሆን የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ግን በጤና ጣቢያ ደረጃ የለም። ይህን ሁሉ የላብራቶሪ ባለሙያው ገና በትምህርት ቤት ሳለ ተምሮታል። ቢሆንም ምርመራው ይታዘዛል፣ ታካሚውም ይጠይቀዋል፣ ለግል ተቋማት ደግሞ ፈጣንና ርካሽ የገቢ ምንጭ ነው። ውጤቱ ለማያስፈልገው ሰው የሚታዘዝ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሴፍትሪያክሶን ያለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ ቀስ በቀስም መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ነው። እዚህ ላይ ባለሙያው «ይህ ውጤት ብቻውን ለሕክምና በቂ አይደለም» ብሎ በወረቀቱ ላይ የመጻፍ ሥልጣን ቢሰጠው፣ አንድ አዲስ ማሽን ከሚያስገኘው ጥቅም የሚበልጥ ጥቅም ይገኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ማሽን ያወጣው ቁጥር እንኳ ያለ ሰው ፍርድ አይነበብም። ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስለሚሳሳ ሰውነቱ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን በብዛት ያመርታል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የደም ማነስ መለኪያው በከፍታ እንዲስተካከል ይመክራል፤ ማስተካከያው በ3000 ሜትር አካባቢ በዴሲሊትር ወደ 2 ግራም ይደርሳል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 12 ግራም ስለሆነ፣ 13 ግራም የተለካላት የሸዋ ሮቢት ሴት ጤናማ ስትሆን፣ ያንኑ ቁጥር ይዛ የመጣች የመሐል ሜዳ ሴት ግን ማስተካከያው ሲደረግ የደም ማነስ አለባት። የማሽኑ ወረቀት ለሁለቱም «መደበኛ» ብሎ ሊያትም ይችላል። ልዩነቱን የሚያውቀው የሚሠራበትን አገር ከፍታና የምርመራውን ምንነት አገናኝቶ የሚያስብ ባለሙያ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ፍርድ የሚጠይቅ ሥራ ላይ ሰው ለምን አይቀጠርም? መልሱ የፍላጎት ማጣት አይደለም። በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000 ሰዎችን፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰዎችን እንዲያገለግል ታስቦ የተዋቀረ ነው። የሰው ኃይል መደቡም በዚሁ ስሌት ይወጣል። መደብ በወረቀት ላይ መኖሩ ግን ቅጥር አይደለም። የጤና ጣቢያ ባለሙያ ደመወዝ የሚከፈለው ከወረዳው በጀት ነው፤ የወረዳው በጀት ደግሞ ከመምህሩ፣ ከግብርና ባለሙያውና ከሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ወረዳው አንድ ሰው ለመቅጠር ሲበቃ መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው ነርስና አዋላጅ ነው። ይህን ምርጫ ለመውቀስ አልደፍርም፤ ወላድ ያለ አዋላጅ ልትቀር አትችልም። ነገር ግን ያቺው እርጉዝ የደም ዓይነቷ፣ የሄሞግሎቢን መጠኗ፣ የቂጥኝ፣ የኤች አይ ቪና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራዋ ካልተሠራ የቅድመ ወሊድ ክትትሉ ግማሹ ጎድሏል። ደሟ አርኤች ኔጋቲቭ የሆነ እናት ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ቀጣዩን እርግዝናዋን የሚጠብቅላትን መርፌ ማግኘት የምትችለው ዓይነቷ በትክክል ከታወቀ ብቻ ነው።

ከቅጥሩ ቀጥሎ ያለው ችግር ሬጀንት፣ ማለትም ምርመራው የሚሠራበት ኬሚካል ነው። አብዛኛው የላብራቶሪ ግብዓት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የተከሰተው የዋጋ ለውጥ ላብራቶሪዎችን በቀጥታ ነክቷቸዋል። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን የተቋማቱ የሥራ ማስኬጃ በጀት በዚያው መጠን አላደገም። ብዙዎቹ የኬሚስትሪና የደም ቆጠራ ማሽኖች የሚሠሩት በራሳቸው ኩባንያ ሬጀንት ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ሬጀንት ሲቋረጥ ሚሊዮኖች የወጡበት ማሽን በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ ደግሞ በዚያ ገንዘብ ይደገፉ የነበሩት የኤች አይ ቪና የቲቢ ምርመራ ሥራዎች ተናጉ። ባለሙያው በእነዚህ ውሳኔዎች ላይ ምንም ድርሻ የለውም፤ «ዛሬ አይሠራም» የሚለውን ቃል ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ለመጣ አባት የሚናገረው ግን እሱ ነው።

የመንገድ ነገርም አለ። በየጤና ጣቢያው የማይሠራ ምርመራ ናሙናው ተወስዶ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ የቲቢን ባክቴሪያና የሪፋምፒሲን መድኃኒት መላመድን ይለያል፤ አክታው በሰዓቱ ካልደረሰ ግን የመሣሪያው ፍጥነት ፋይዳ የለውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገዶች በተዘጉ ቁጥር የሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን የናሙናውም ጉዞ ይቋረጣል። ፈሳሹ ከሕዋሳቱ ሳይለይ የቆየ ደም ውስጥ ያለው ስኳር በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለሰዓታት በባጃጅና በሚኒባስ ተጉዞ የደረሰ ቲዩብ የስኳር ሕመምተኛን ጤናማ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ናሙና አልቀበልም ማለት የባለሙያው ግዴታ ነው። ግዴታውን ሲፈጽም ግን ከታካሚውም ከላኪውም ወገን ወቀሳ ይደርስበታል፤ አለቃው ካልደገፈው በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ብሎ ይቀበላል።

የጥራት ሥርዓቱ በአገር ደረጃ መዋቅር አለው። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የውጭ ጥራት ምዘና ያካሂዳሉ፤ ላብራቶሪዎች በደረጃ አይኤስኦ 15189 ወደተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ላብራቶሪ ጥራት ዕውቅና እንዲያድጉ የሚያግዝ በኮከብ የሚመዝን አሠራርም ተዘርግቷል። አሠራሩ ጥሩ ነው። ጉድለቱ፣ አንድ ብቻውን የሚሠራ ሰው በየማለዳው ኮንትሮል (የምርመራውን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ ፍተሻ) እንዲሠራ፣ የማቀዝቀዣውን ሙቀት እንዲመዘግብና ሰነድ እንዲያዘጋጅ ሲጠየቅ፣ በር ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ያንን ጊዜ አለመስጠቱ ነው። ጥራት ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሕክምና ላብራቶሪ ተመራቂዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ከሚፈተኑት መካከል ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ተጨምሯል። ፈተናዎቹ አስፈላጊ መሆናቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ የስላይድ አቀባብን፣ የቫይቫክስን ቀለበት መሰል ቅርጽ ከፋልሲፓረም መለየትን፣ የሚያለቅስ ሕፃን ደም ሥር ማግኘትን አይለካም። ያለ ሥራ የተቀመጠ ተመራቂ የሚያጣው መጀመሪያ ይህንኑ የእጅና የዓይን ችሎታ በመሆኑ፣ የሥራ አጥነቱ ዘመን በረዘመ ቁጥር ባለሙያው በወረቀት እንጂ በተግባር ባለሙያ መሆኑ እየቀረ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ አውቆ ሙያውን የሚመርጥ ወጣት ስለ ኑሮውም ሊያስብ ይገባል። የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሥራ እስከ ማቆም የደረሰ ሲሆን የላብራቶሪ ባለሙያዎችም የዚያው ጥያቄ ተካፋዮች ናቸው። የሥራው አደጋም የታወቀ ነው፤ በመርፌ መወጋት፣ በአክታ አማካይነት ለቲቢ መጋለጥ፣ ሄፓታይተስ ቢ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን ተማሪው ገና ልምምድ ሳይወጣ ሊያገኘው ይገባል፤ ኤች አይ ቪ ሊኖርበት በሚችል መርፌ የተወጋም በ72 ሰዓት ውስጥ መከላከያውን መጀመር አለበት። ወደ ፊት ያለው መንገድ ግን ጠባብ አይደለም። በማይክሮባዮሎጂ፣ በክሊኒካል ኬሚስትሪ፣ በደም ጥናት፣ በፓራሳይቶሎጂ ወይም በላብራቶሪ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ ይቻላል፤ የደም ባንክ፣ የምርምር ተቋማትና ማስተማር በር ይከፍታሉ። የግል ላብራቶሪ መክፈት ግን የመሣሪያና የሬጀንት ዋጋ በናረበት በዚህ ጊዜ ለአዲስ ተመራቂ ብቻውን የሚሞከር አይመስለኝም፤ ሦስት አራት ሆኖ መደራጀት ይሻላል።

መፍትሔውን በተመለከተ ሁሉንም መደብ በአንድ ዓመት መሙላት የወረዳ አቅም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከዚያ ያነሰ፣ ነገር ግን የሚቻል ነገር አለ። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በወሩ ውስጥ ላብራቶሪው ስንት ቀን እንደተዘጋ፣ የትኛው ሬጀንት ስንት ቀን እንደጠፋ፣ ስንት ታካሚ ሳይመረመር ወይም ወደ ግል ላብራቶሪ ተልኮ እንደተመለሰ ከተመረመሩት ቁጥር ጎን አስፍሮ ለወረዳው ምክር ቤት ቢያቀርብ፣ የበጀት ክርክሩ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል። ያለ ሥራ የተቀመጡትን ተመራቂዎች ደግሞ በሙሉ መደብ መቅጠር ባይቻል፣ ለወባ ወቅት በጊዜያዊ ውል ወደ ቆላ ወረዳዎች መመደብ ይቻላል፤ አራት ወር ስላይድ ያነበበ ወጣት ችሎታውን ይጠብቃል፣ ነባሩም ባለሙያ 100 ዕይታውን ለመጨረስ ጊዜ ያገኛል። ቀወትና ኤፍራታና ግድም ለዚህ ቀዳሚ ቢሆኑ መልካም ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ውሉ በዚያው ወር ከተፈረመ አዲሱ ባለሙያ መስከረም ከመግባቱ በፊት ከነባሩ ጎን ተቀምጦ ተመሳሳይ ስላይዶችን እያነበቡ ውጤታቸውን ለማመሳከር ሁለት ወር ይኖራቸዋል።